ስለ ሞተር ብስክሌት ጩኸትና ስለ ሐረር ከተማ ጸጥታ

የሰውን ልጅ ድካም ለማቃለል የተሠሩ መሣሪያዎች ሁሉ፥ ጥቅማቸው ከባለቤቱ ዘንድ ሲቀር ጉዳታቸው ለጎረቤት የሚተርፍበት ጊዜ አለ። ምድጃ ለባለቤቱ እንጀራ ሲጋግር ጭሱ ወደ ሌላው ቤት ይገባል፤ ወፍጮ ለባለ እህሉ ዱቄት ሲያወርድ ድምፁ አጠገቡ የተኛውን ሕመምተኛ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ በጥንትም ሆነ በዛሬ ዘመን የከተማ ኑሮ የሚጸናው፥ ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ ያለው ሥልጣን የት ላይ እንደሚያበቃ በልማድና በሕግ ሲወሰን ነው። በዚህ ረገድ ሊመረመር የሚገባው አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም ለአስፋልትም ለጥርጊያ መንገድም የሚሆነው ሞተር ብስክሌት፥ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የድምፅ ማፈኛ፥ ማለት ማርሚታው፥ ተነቅሎ ጩኸት በሚያበዛ ሌላ ቧንቧ ሲለወጥ፥ ባለቤቱ ምን እንደሚያገኝና ከተማው ምን እንደሚያጣ ነው። ጉዳዩ በማናቸውም ከተማ ቢነሣ ተገቢ ነው፤ በሐረር ግን ከሌላው ስፍራ ይልቅ ይከብዳል።

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1885 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች፥ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን እንደ ታጠረች በሚነገርለት ጁገል በተባለው ግንብ የተከበበች ጥንታዊት ከተማ ናት። በግንቡ ውስጥ ያለው መሬት 48 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። በዚህ ጠባብ ስፍራ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መካናት እንደሚገኙ፥ ከመስጊዶቹም ሦስቱ ከ10ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቆዩ እንደ ሆኑ፥ ከተማይቱን በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዩኔስኮ አስታውቋል። በፈረስ መጋላ አደባባይ ደግሞ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። የጥንት በሮቿ አምስት ናቸው፤ ስድስተኛው፥ የሐረር በር የሚባለው፥ በኋላ ዘመን የተከፈተ ሲሆን፥ ተሽከርካሪ ወደ ፈረስ መጋላ የሚዘልቅበት ዋናው ጎዳና ከዚህ በር ይጀምራል።

ከዋናው ጎዳና ወጥቶ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ግን የሚያገኘው ሌላ ዓይነት መንገድ ነው። የጁገል መተላለፊያዎች ለሰው እግርና ለጭነት አህያ የተቀየሱ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ እጅግ ከመጥበቡ የተነሣ፥ ተጣልተው የቆዩ ሁለት ሰዎች ቢገናኙበት ሳይነጋገሩ ማለፍ አይችሉም ተብሎ፥ የዕርቅ መንገድ የሚል ስም ወጥቶለታል። በግራና በቀኝ የቆመው የድንጋይ ግንብ ነው፤ ከግንቡም ማዶ ግቢ አለ፤ በግቢውም ቤተሰብ ይኖራል። በሜዳ ላይ የተነሣ ድምፅ ወደ አራት ማዕዘን እየተበተነ ቶሎ ይደክማል። በሁለት ግንብ መካከል የተነሣ ድምፅ ግን መበተኛ ስለሌለው ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ረጅም መንገድ ኀይሉን እንደ ያዘ ይጓዛል። እንግዲህ በአዲሱ ከተማ በሰፊው አደባባይ ላይ ጥቂት የሚያስከፋ የነበረው ጩኸት፥ ከግንቡ ውስጥ ሲገባ ከባድ ሸክም ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ሲባል ሐረር ድምፅን የምትጠላ ከተማ ናት ማለት አይደለም። እንዲያውም ከመንገዶቿ አንዱ ስሙን ያገኘው ከድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎች በተርታ ተቀምጠው የሚሠሩበት ጎዳና መኪና ግርግር የተባለው፥ ከስፌት መኪናዎቹ ከሚወጣው ድምፅ የተነሣ ነው። የሸዋል ወር የስድስት ቀን ጾም ሲፈጸም በሚከበረውና ዩኔስኮ በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት በመዘገበው የሹዋሊድ በዓል፥ ከረቡ የተባለው ከበሮና ከበል የተባለው የእንጨት ማጨብጨቢያ ሌሊቱን ሲሰሙ ያድራሉ። በመድኃኔ ዓለም ደጃፍም በክብረ በዓል ቀን ከበሮና ጸናጽል ይሰማል። ነገር ግን እነዚህ ድምፆች ጊዜ አላቸው፤ ስፍራ አላቸው፤ ሰሚውም ትርጓሜያቸውን ያውቃል። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የተማረ ሁሉ ግዕዝን ከዕዝል፥ ዕዝልን ከአራራይ ለይቶ፥ ለየወቅቱ ተገቢውን ማሰማት እንደሚገባ ያውቃል። ጩኸትን ከዜማ የሚለየው ልክና ጊዜ ነውና፥ ልክና ጊዜ የሌለው ድምፅ ከማናቸውም መሣሪያ ቢወጣ ጩኸት ነው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባት አስቀድሞ ለሞተር ብስክሌት የሚገባውን ምስጋና መንፈግ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ከሐረር ወጥቶ ወደ ኤረር፥ ወደ ሶፊና ወደ ድሬ ጥያራ ገጠሮች የክትባት መድኃኒት በቅዝቃዜ መያዣ ሣጥን ተሸክሞ ለሚሄድ የጤና ባለሙያ፥ ዘርና ምክር ይዞ ገበሬውን ለሚጎበኝ የግብርና ሠራተኛ፥ አውቶሞቢል በማይደርስበት ጥርጊያ መንገድ ላይ ይህን መሣሪያ የሚተካከል አይገኝም። ያማሐ ዲ.ቲ. 125፥ ያማሐ ኤ.ጂ. 100፥ ሆንዳ ኤክስ.ኤል. 125 የተባሉት ዓይነቶች ለብዙ ዓመታት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንና የእርዳታ ድርጅቶችን ሠራተኞች በኢትዮጵያ ዳገትና ቁልቁለት ተሸክመዋል። በከተማም ውስጥ ዕቃ በማድረስ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ወጣት አለ። ስለዚህ የሚመረመረው የሞተር ብስክሌት መኖርና አለመኖር ሳይሆን፥ የአንድ ክፍሉ ነገር ነው።

ይህን ክፍል ለመመርመር አስቀድሞ ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል። በሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው ሲቃጠሉ የሚወለደው ጋዝ፥ ቫልቩ በተከፈተ ቁጥር በታላቅ ግፊት ወደ ውጭ ይፈናጠራል። አራት ምት ያለውና በአንድ ሲሊንደር የሚሠራ ሞተር በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር 3000 ጊዜ ያቃጥላል፤ ይህም በሴኮንድ 50 ፍንዳታ ነው። እያንዳንዱ ፍንዳታ እንደ ጥይት ተኩስ በሆነ ነበር፤ እንዳይሆን የሚያደርገው ማርሚታው ነው። በውስጡ ልዩ ልዩ ክፍሎችና የተበሳሱ ቧንቧዎች ስላሉት፥ ጋዙ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲያልፍ ግፊቱ እየረገበ፥ ማዕበሉም እርስ በርሱ እየተጋጨ ይሞታል። አንዳንዱም ድምፅን የሚውጥ የመስተዋት ጭረት ታጭቆበታል። ለገጠር መንገድ የተሠራው ሞተር ብስክሌት ደግሞ ውሃና ድንጋይ እንዳያገኘው ቧንቧው ወደ ጎን ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል። ይህ በገጠር ጥበብ ነው፤ በጠባብ መተላለፊያ ግን የቧንቧው አፍ ከሕፃን ጆሮና በደጃፉ ላይ ከተቀመጠ ሽማግሌ ራስ ጋራ ሊስተካከል ይደርሳል።

ማርሚታ ሥራውን የሚያጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በእርጅና ነው፤ ዝገት ይበላዋል፥ ድንጋይ ይመታዋል፥ መለዋወጫውም ስለሚወደድ ባለቤቱ ቀዳዳውን በብየዳ እየደፈነ ወይም እንዲያው ትቶት ይነዳል። ሁለተኛው በፈቃድ ነው፤ ደኅናው ማርሚታ ተነቅሎ አጭርና ክፍት የሆነ ቧንቧ ይገጠማል፥ ወይም የውስጡ ክፍል ተቈርጦ ይወጣል። የመጀመሪያው የድኽነት ነገር ስለ ሆነ እርዳታ ያሻዋል፤ ሁለተኛው የምርጫ ነገር ስለ ሆነ ምርመራ ያሻዋል። ሁለቱን በአንድ ዐይን የሚያይ ሹም ፍርዱ አይቀናም።

በፈቃድ የሚለውጡት ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት አራት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ኀይል ይጨምራል የሚለው ነው። ጋዙ በቀላሉ የወጣ እንደ ሆነ ሞተሩ በቀላሉ ይተነፍሳል መባሉ ከመሠረቱ ሐሰት አይደለም። ዳሩ ግን ለውድድር ተብሎ በሙሉ ካልተለወጠ በቀር፥ የመጨረሻውን ቧንቧ ብቻ በመለወጥ የሚገኘው ጭማሪ ከመቶ ጥቂት እጅ የማያልፍ ነው፤ ያም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ሞተሩ እጅግ በፈጠነ ጊዜ ነው። በከተማ መንገድና በገጠር ዳገት ላይ የሚፈለገው ኀይል ግን በዝግታ ዙር የሚገኘው ነው፤ ይህም እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። እንደ ኤ.ጂ. 100 ባለ በሁለት ምት በሚሠራ ሞተር ላይማ የጭስ ማውጫው ሆድ ራሱ ያልተቃጠለውን ቅልቅል ወደ ሲሊንደሩ እንዲመልስ ታስቦ የተለካ ስለ ሆነ፥ እርሱን ቈርጦ መጣል ኀይልን ቈርጦ መጣል ነው። ከዚህም በላይ ቧንቧው ሲከፈት ካርቡራተሩ በዚያው ልክ ካልተስተካከለ፥ ቤንዚኑ ከአየሩ ሊያንስ፥ ሞተሩም ከመጠን በላይ ሊግል፥ በመጨረሻም ቫልቩና ፒስተኑ ሊቃጠሉ ይችላሉ።

በሐረር ደግሞ ሌላ ነገር ይታሰባል። በዚህ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ስለ ሆነ፥ የሞተሩም ኀይል በዚያው መጠን ገደማ ይቀንሳል። ይህን ጉድለት የፈጠረው የአየሩ መሳሳት እንጂ የማርሚታው መኖር አይደለም። ለዳገት ኀይል የፈለገ ሰው የአየር ማጣሪያውን ቢያጸዳ፥ ካንዴላውን ቢለውጥ፥ ካርቡራተሩን ለደጋ አየር ቢያስተካክል፥ ሰንሰለቱንና ጥርሱን ቢያስመረምር፥ በጥቂት ገንዘብ ብዙ ያገኛል። ይህን ሁሉ ትቶ በቧንቧ የሚጀምር ግን ራስ ሳይጠና ጉተና የተባለውን ምሳሌ ይፈጽማል።

ሁለተኛው ምክንያት ቀላልነት ነው። ከአሉሚኒየም ወይም ከቲታኒየም የተሠራ ቧንቧ ከፋብሪካው ብረት በጥቂት ኪሎ ይቀላል። ይህ እውነት ነው፤ ለእሽቅድምድም ሰውም ይጠቅመዋል። ነገር ግን ከኋላው ሌላ ሰው፥ ወይም ኩንታል የሚያህል ጭነት፥ አስቀምጦ ለሚሄድ ሰው ሁለትና ሦስት ኪሎ መቀነስ ከቁም ነገር አይቈጠርም። በዚህ ላይ የገጠር ሞተር ብስክሌት ማርሚታ በብዙዎቹ ላይ የእሳት ብልጭታ የሚይዝ ወንፊት አለው። ወንፊቱ የተነቀለበት ሞተር በበጋ ወራት በደረቀ ሣርና በአገዳ መካከል ሲያልፍ እሳት ሊያስነሣ እንደሚችል መርሳት አይገባም።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይልቅ ሊሰማ የሚገባው ነው፤ ጩኸቱ አደጋን ይከላከላል፥ ሰው ሰምቶ ከመንገድ ገለል ይላል ይላሉ። የሰው ነፍስ የሚነካ ነገር ስለ ሆነ በቀላሉ አይናቅም። ይሁን እንጂ የቧንቧው አፍ የሚያየው ወደ ኋላ ነው፤ ለነጂው የሚያሰጋው ግን ብዙውን ጊዜ ከፊት ለፊትና ከመስቀለኛ መንገድ የሚመጣው ነው። በጁገል ውስጥ ደግሞ ጩኸቱ ከግንብ ወደ ግንብ እየተላተመ ስለሚመጣ፥ እግረኛው ሞተሩ ከየት በኩል እንደሚመጣበት ለመለየት ይቸገራል፤ ደንግጦም ወደሚመጣበት በኩል ሊሮጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያ ሲያስፈልግ ጡሩምባ አለ፤ እርሱም ባስፈለገ ጊዜ ብቻ የሚሰማ ነው። በጠባብ መተላለፊያ ከጩኸት ሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ግን ዝግ ብሎ መንዳት ነው።

አራተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ በአፍ አይነገርም፤ ይኸውም የልብ ደስታ ነው። ወጣት የሆነ ሰው መሣሪያው ሲያገሣ እርሱም የገነነ ይመስለዋል። ይህን የጉብዝና ስሜት ማጥፋት አይቻልም፤ ማጥፋትም አይገባም። የአባቶች ዘመን ጎበዝም ፈረሱን በሜዳ ላይ ሲጋልብ ደስ ይለው ነበር። ነገር ግን ጉግስ የሚደረገው በሜዳ ነበር እንጂ ሕሙማን በተኙበት ደጃፍ አልነበረም። ደስታውን የሚከፍልለት ሌላ ሰው ከሆነ ደስታው ብድር ነው፤ አበዳሪውም ሳይጠየቅ ያበደረ ጎረቤት ነው።

ይህ ብድር ምን ያህል እንደ ሆነ ሊለካ ይቻላል። ድምፅ የሚለካበት መስፈሪያ ዴሲቤል ይባላል። የሹክሹክታ ድምፅ 30፥ የተለመደ ንግግር 60 ያህል ዴሲቤል ነው። ይህ መስፈሪያ እንደ ሌላው ሚዛን በእኩል የሚጨምር አይደለም፤ 10 ዴሲቤል ሲጨመር የድምፁ ኀይል ዐሥር እጥፍ ይሆናል፥ ለጆሮም ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቍጥር 41 ለአዲስ ሞተር ብስክሌት የወሰነው ልክ እንደ ሞተሩ ጉልበት ከ73 እስከ 77 ዴሲቤል ሲሆን፥ የሚለካውም በ7 ሜትር ተኩል ርቀት ሲያልፍ ነው። እንግዲህ ማርሚታው ተነቅሎ ድምፁ በ20 ዴሲቤል ቢጨምር፥ ከአንዱ ሞተር የሚወጣው የድምፅ ኀይል መቶ ሞተሮች በአንድነት ሲያልፉ ከሚወጣው ጋራ ይተካከላል። ነጂው አንድ ሰው ነው፤ በጆሮ ላይ የሚያልፈው ግን የመቶ ፈረሰኛ ጭፍራ ነው።

በጤና ላይ የሚያመጣውም ጉዳት ከግምት ወጥቶ በሐኪሞች የተመረመረ ሆኗል። ስለ ሥራ ቦታ ጤና የመከሩ ሊቃውንት፥ 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ጆሮን እንዲያገኘው አይፈቅዱም፤ ከዚያም በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በእኩሌታ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ሲደርስ የተፈቀደው ጊዜ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ በሚጮኽ ቧንቧ ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውለው ነጂ ራሱ የመጀመሪያው ተጎጂ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአውሮፓ ሀገሮች በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ የመንገድ ድምፅ በሌሊት ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል፤ በእንቅልፍ ላይ የሚደርስ ሁከት ለደም ግፊትና ለልብ በሽታ መንገድ የሚከፍት ስለ ሆነ ነው። በፓሪስ ከተማ ድምፅን የሚከታተለው ድርጅት፥ ማፈኛው የተነቀለበት አንድ ባለ ሁለት ጎማ ሞተር በሌሊት ከተማይቱን ቢያቋርጥ እስከ 10 ሺሕ ሰው ሊቀሰቅስ እንደሚችል ገምቷል። ሐረር ፓሪስን አታህልም፤ ግን በ48 ሄክታር ውስጥ ተጠጋግቶ ለሚኖር ሕዝብ ምሳሌው ሩቅ አይደለም።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ሕግ ይፈለጋል የሚል ቢኖር፥ ያሉትን ሕጎች አስቀድሞ ይመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1225ኛው ቍጥር፥ ባለ ንብረት የሆነ ሰው በጭስ፥ በጥላሸት፥ በመጥፎ ሽታ፥ በድምፅ ወይም በንቅናቄ ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ ጎረቤቱን እንዳያስቸግር ይከለክላል። ሕጉ የተጻፈው ስለ መሬትና ስለ ቤት ባለቤትነት ቢሆንም፥ የመልካም ጉርብትና ልክ የሚለው ሐሳብ ለመንገድም የሚያገለግል ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ44ኛው አንቀጽ ለሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል። ስለ አካባቢ ብክለት ቍጥጥር የወጣው አዋጅ ቍጥር 300/1995 ደግሞ የድምፅ መጠን ደረጃ እንዲወሰን አዟል፤ ክልሎችም እንደ ሁኔታቸው ከፌዴራሉ የጠበቀ ደረጃ ማውጣት እንደሚችሉ፥ የላላ ግን ማውጣት እንደማይችሉ ደንግጓል። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በመመሪያው ለመኖሪያ ሰፈር ያስቀመጠው ልክም በቀን 55፥ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። እንግዲህ የሐረሪ ክልል ስለ ጁገል የተለየ ልክ ላውጣ ቢል የሚከለክለው የለም፤ የጎደለው የሕጉ ቃል ሳይሆን፥ ቃሉን ወደ መንገድ የሚያወርድ እጅ ነው።

ሌሎች ሀገሮች የሠሩትን መመልከት ከስሕተታቸውም ከቅን ሥራቸውም ለመማር ይረዳል። በጥንት ዘመን ዩልዮስ ቄሣር የሮም መንገዶች እንዳይጨናነቁ ብሎ የጭነት ሠረገላ በቀን ወደ ከተማ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። መንገዱ በቀን ጸጥ አለ፤ ሠረገላው ሁሉ ግን ሌሊት ስለገባ ሕዝቡ እንቅልፍ አጣ። ስለዚህ ጩኸትን ከአንድ ሰዓት ወደ ሌላ ሰዓት የሚያዛውር ደንብ መድኃኒት አይባልም። በዘመናችን በአውስትርያ የቲሮል ክፍለ ሀገር፥ በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. በተመረጡ የተራራ መንገዶች ላይ፥ ቆመው ሲለኩ ከ95 ዴሲቤል በላይ የሚጮኹ ሞተር ብስክሌቶች በበጋ እንዳያልፉ ተከልክሏል። የዚህ ደንብ ብልኅነቱ ነጂውን በዕድሜው ወይም በመልኩ ሳይለይ፥ መሣሪያውን በልክ መለየቱ ነው። በዚያ ሀገር የእያንዳንዱ ሞተር የድምፅ ልክ በመዝገቡ ላይ ስለተጻፈ ፖሊሱና ነጂው አይከራከሩም።

በአዲስ አበባ ደግሞ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ የሌላቸው ሞተር ብስክሌቶች በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ ታግደው ነበር። የዚያ ውሳኔ ምክንያት ቅሚያና ሌላም ወንጀል እንጂ ጩኸት አልነበረም። ሆኖም ለሐረር የሚያስተምረው ነገር አለው፤ ጠቅላላ እገዳ በአንድ ቀን ሊታወጅ ይቻላል፥ ዳሩ ግን ከጥፋተኛው ጋራ ንጹሑን፥ ከሚጮኸው ጋራ ጸጥተኛውን፥ ከዘዋሪው ጋራ ሠራተኛውን አብሮ ይመታል። በቧንቧው ላይ መፍረድ ሲቻል በእንጀራው ላይ መፍረድ አይገባም።

ስለዚህ ለሐረር የሚስማማው ሥርዓት በትንሹ ተጀምሮ በደረጃ የሚያድግ ቢሆን የተሻለ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግቢ መጀመር አለበት። በየጋራዡ የቆሙትና በየገጠሩ የሚሠሩት የመንግሥት ሞተር ብስክሌቶች ተቈጥረው፥ ማርሚታቸው የተቀደደባቸው ሁሉ ሊጠገኑ ወይም ሊለወጡ ይገባል። የመንግሥት ታርጋ የለጠፈ ሞተር እያጓራ ሲያልፍ የታየበት ከተማ፥ የግሉን ነጂ ቢቀጣ ሕዝቡ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለቱ አይቀርም። ይህ እርምጃ አዲስ ደንብ አያሻውም፤ የአንድ ኀላፊ ፊርማና ለጥገና የተያዘ ጥቂት በጀት ይበቃዋል።

ሁለተኛው፥ በየዓመቱ በሚደረገው የተሽከርካሪ ምርመራ ጊዜ ማርሚታ እንደ ፍሬንና እንደ መብራት ተቈጥሮ እንዲመረመር ማድረግ ነው። የድምፅ መለኪያ መሣሪያ ዋጋው ከአቅም በላይ አይደለም፤ ከቧንቧው አፍ ግማሽ ሜትር ርቆ፥ በ45 ዲግሪ ማዕዘን ይዞ መለካት ደግሞ በአንድ ቀን ትምህርት የሚታወቅ ሥራ ነው። በድኽነት ምክንያት ማርሚታው ለተበሳበት ሰው የመጠገኛ ጊዜ ይሰጠው፤ በፈቃዱ ለነቀለው ግን ቅጣቱ ቧንቧውን አስወልቆ የቀድሞውን ማስገጠም ይሁን። ቧንቧውን የሚቈርጠው ባለ ጋራዥም ከተጠያቂነት ሊያመልጥ አይገባም፤ እርሱ እንቢ ቢል ነጂው ብቻውን ብዙ አይሠራም ነበርና።

ሦስተኛው የበሮቹ ነገር ነው። በአሚሮቹ ዘመን የጁገል በሮች በሌሊት ይዘጉ ነበር፤ የሚገባና የሚወጣም በበሩ ላይ ይጠየቅ ነበር። ዛሬ በር ዘግቶ ሕዝብን መከልከል አይቻልም፤ ግን በር ማለት የልክ መጀመሪያ መሆኑን ማስታወስ ይቻላል። ከበሩ ወደ ውስጥ የሚገባው ፍጥነት ይወሰን፤ ለሕሙማንና ለአስቸኳይ ጉዳይ ካልሆነ በቀር በሌሊት በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ሞተር አስነሥቶ መንዳት ይቅር፤ ሞተሩን አጥፍቶ ገፍቶ መግባት ለጎበዝ ሰው ውርደት አይሆንበትም። የጁገል ቤተሰቦች ራሳቸው ሞተር ብስክሌት ስላላቸው፥ ይህ ደንብ ከአፎቻና ከሀገር ሽማግሌዎች ጋራ ተመክሮበት ቢወጣ በፖሊስ ብቻ ከወጣው ይልቅ ይጸናል።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ነጂው፥ ከቤተ እምነትና ከንግድ ቤት የሚወጣውስ የድምፅ ማጉያ ለምን አይለካም ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ለማምለጫ የተባለ ቢመስልም ፍሬ አለው። ጸሎትና ሸቀጥ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም፤ የእንቅልፍ ሰዓትና የሕሙማን ዕረፍት ግን ለሁሉ አንድ ነው። ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ተራራ እግዚአብሔርን ያገኘው በዐውሎ ነፋሱና በምድር መናወጡ ውስጥ እንዳልነበረ ካህናቱ ለሕዝቡ የሚያስተምሩት ነው። ስለዚህ የሃይማኖት አባቶች ከሁለቱም ወገን፥ ሳይጠየቁ የየራሳቸውን ማጉያ ልክ ቢወስኑ፥ ወጣቱን ለመገሠጽ የሚያስችላቸውን ሥልጣን ከሕግ ሳይሆን ከምሳሌነታቸው ያገኙታል።

ነገሩ በጊዜ ብዛት በራሱ ይፈታል የሚሉም አሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ሞተር ብስክሌቶችም በኢትዮጵያ ከተሞች መታየት ጀምረዋል። እነዚህ እየበዙ ሲሄዱ የማርሚታ ነገር መቅለሉ እርግጥ ነው። ሆኖም ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ሞተር ብዙ ዓመት የሚያገለግል ስለ ሆነ፥ ዛሬ የሚጮኸውን ለነገ ልጅ ማሳደር አይገባም። ደግሞም ፍጹም ዝምታ የራሱ አደጋ አለው። በአውሮፓ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አዲስ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ሁሉ በዝግታ ሲሄድ እግረኛን የሚያስጠነቅቅ መጠነኛ ድምፅ እንዲያሰማ ታዟል። በጁገል መታጠፊያዎችም ድምፅ የሌለው ሞተር በፍጥነት ቢመጣ ሽማግሌውን ሊጥለው ይችላል። በዚህም በዚያም የሚፈለገው ልክ ነው፤ ሰው የሚሰማው፥ ግን የማያስደነግጠው።

መኪና ግርግር ስሙን ያገኘው ድምፁ ሠርቶ የማደር ምልክት ስለ ሆነና የሰፈሩም ሰው ስለወደደው ነው። የሞተር ብስክሌትም ድምፅ መድኃኒት ይዞ ወደ ገጠር የሚሄድ ሠራተኛ ድምፅ ሆኖ ሊወደድ ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ከፋብሪካ የተሰጠው ማርሚታ በስፍራው ሲቆይ፥ ነጂውም ከግንቡ በስተጀርባ የተኛ ሰው እንዳለ ሲያስብ ነው። የዚህ ሥርዓት መጀመሪያ በሹማምንት እጅ ነው፤ እርሱም በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ የቆመውን፥ ማርሚታው የተቀደደውን ሞተር ዛሬውኑ ወደ ጋራዥ መላክ ነው።